ዋጋው ያው ነው

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ አንድ ዳቦ በ10 ብር ገዝተን፣ ለሁለት ገምሰን፣ በሻይ እያጣቀስን በልተን እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንችል ነበር። ያ ዳቦ ዛሬም 10 ብር ነው። ለሁለት መግመሱ ግን ቀርቷል፤ የሚገመስ ነገር የለውምና። ከመሀላችን አንዱ «ክኒን» ብሎ ስም አወጣለት። ሌላው ተቀብሎ «ከምግብ በኋላ የሚዋጥ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ከዚያ ሳቅ ነው፤ ስቀን ስናበቃ አንዳችን «ቆይ፣ የተሰረቀ ሰው ይስቃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም።

እኛ ከምዕራብ ዓባያ መጥተን አርባ ምንጭ የምንማር ጥቂት ልጆች ነን። ስለ ዳቦ ሊቅ ነን አንልም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ስለ ፍትሕና ስለ ኅሊና ስንሰማ ውለን ማታ ሻይ ቤት ስንገባ፣ ጠዋት የሰማነው ነገር እዚያ ትሪ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀን ይመስለናል። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ እንያዘው፦ ዋጋውን ሳይነካ መጠኑን የሚቀንስ ሻጭ በደለኛ ነው ወይስ አይደለም?

ቀላሉ መልስ «አዎን፣ ሌባ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ምስክር አይጠፋም። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የገሠጻቸው ነጋዴዎች መስፈሪያውን አሳንሰው የሚከፈለውን የሚያከብዱ ነበሩ። በቁርኣንም 83ኛው ሱራ ስሙን ያገኘው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው ለሌላው ሲሰፍሩ ከሚያጎድሉት ሰዎች ነው። ገበያ የወጣ ሁሉ የሚያውቀውም ዘዴ አለ፤ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ጤፍ መስፈር። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ጣሳውን አንሥተው ገልብጠው ያዩታል። ሸማኔም ማግ ሲያሳሳ ገዢው ጋቢውን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በዚያ በኩል ሰማይ ይታይ እንደሆነ ያጣራል።

ዳቦው ግን የሚገለበጥ ቂጥ የለውም። እዚህ ላይ ነው ቀላሉ መልስ የሚያዳግተው። ዳቦ ጋጋሪው ሐሰተኛ ሚዛን አልያዘም፤ ጭራሽ ሚዛን የለውም። «ይህን ያህል ግራም እሰጣችኋለሁ» ብሎ ቃል አልገባም። ዳቦው ትሪ ላይ ተደርድሯል፣ ዐይናችን አልታሰረም፣ እጃችንን የጎተተው የለም። አይተን፣ አንሥተን፣ ከፍለን፣ በላን። ታዲያ የተሰበረው ምንድን ነው?

በዶርማችን ክርክሩ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ያየኸውን ገዛህ፤ ምን ታካብዳለህ?» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ዋጋ ማለት ቃል ነው» አለ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ለምን እንደሆነ እንናገር። «ባለ 10 ብር ዳቦ» ስንል የአንድ ነገር ስም እየጠራን ነው። ትናንት በዚያ ስም የተጠራው ነገር ጠግቦ የሚያሳድር ነበር። ዛሬ ስሙ እዚያው አለ፤ ነገሩ ግን ከሥሩ ተስቦ ወጥቷል። ሻጩ አፉን ከፍቶ አልዋሸም፤ ዋጋው ግን በእርሱ ፈንታ «ምንም አልተለወጠም» እያለ ይናገራል። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ስለሚቀንስም ዐይን አይይዘውም። ዐይን ልዩነትን የሚያየው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነው፤ የትናንቱን ዳቦ ደግሞ በልተነዋል።

ይህን ለማጣራት ብለን አንድ ቀን ስድስት ዳቦ ከአንድ ትሪ ገዝተን፣ ወደ አንድ የእህል መደብር ወስደን ባለቤቱን ለምነን አስመዘንን። ያገኘነው ነገር ከጠበቅነው የተለየ ነው። እኛ የምንፈልገው ቁጥር ነበር፤ «ይህን ያህል ቀነሰ» ለማለት። ይሁን እንጂ ከስድስቱ ሁለት እኩል የሆኑ አልተገኙም። ከአንድ ምድጃ፣ በአንድ ሰዓት ወጥተው፣ አንዱ ከሌላው የሚከብድ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም የሚቀል። ቀነሰ ለማለት እንኳ መነሻ የሚሆን ልክ አልነበረም። መዛኙ ሰውዬ «ዳቦ ልታጠኑ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብን።

እንግዲህ ወደ ካንት እንሂድ፤ ብዙ አንቆይም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ ስለ አንድ ባለሱቅ ያነሣል። ባለሱቁ የማያውቅ ሰው እንኳ ቢመጣ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢላክ፣ ለሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ካንት ግን ይህ ብቻውን ሰውዬውን መልካም አያሰኘውም ይላል፤ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ብሎ ሊሆን ይችላልና። የእኛን ጋጋሪ በዚህ መስተዋት ስናየው ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እርሱም ለሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ እርሱም ደንበኛ እንዳይሸሽበት ይጠነቀቃል። ዋጋ ያልጨመረው ለዚሁ ነው። የካንት ባለሱቅ ለጥቅሙ ሲል እውነተኛ ሆነ፤ የእኛው ለጥቅሙ ሲል ዝም አለ።

አሁን ደግሞ ከሻይ ቤቱ እንውጣና ወደ አገራችን መንገድ እንሂድ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት በብርብርና በዋጂፎ በኩል ያልፋል። ይህን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ መኪና ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሙዝና ማንጎ የያዙ እናቶችና ልጆች መስኮቱን ይከብቡታል። ባለፈው ዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ዋጂፎ ላይ ወርደን አንዲት እናት ዘንድ ሙዝ ጠየቅን። ቆጥረው ሲሰጡን አንድ ጎደለ።

«እማማ፣ አንድ ረሱ» አልናቸው።

«አልረሳሁም ልጄ» አሉ። «ነጋዴው ማሳው ድረስ መጥቶ በኪሎ ጨምሮ እየወሰደው ነው፤ ለመንገድ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ብሩን አልጨመርኩም፤ አንድ አጉድያለሁ። ከፈለግህ ያዝ፣ ካልፈለግህ ተው።»

ያዝን። ትንሽ ቆይተው አንዲት ትንሽ ሙዝ ከሌላ ዘለላ ቆርጠው «ይህቺ ምርቃት ናት» ብለው ጣሉልን። ልብ በሉ፤ እኚህ እናት ያደረጉት ከጋጋሪው ጋር በሒሳብ አንድ ነው። ዋጋው ያው፣ ነገሩ ያነሰ። ሆኖም ከእርሳቸው ዘንድ ስንሄድ የተሰረቅን አልመሰለንም። ጉድለቱን ከነምክንያቱ ነገሩን፤ እኛም «ይቀንሱልን» ለማለት፣ ወይም ወደ ሚቀጥለዋ ሻጭ ለመሄድ ዕድል ነበረን። ሙዝ በቁጥር ስለሚሸጥ ነው የሚል አለ። ልክ ነው፤ ቁጥር አፍ አለው። ግን እርሳቸውም አፍ አላቸው፤ ባንጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩን እንደነበር እርግጠኞች ባንሆንም ስንጠይቅ አልሸሹንም።

ስለ ምርቃት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ገበያችን ውስጥ ከተሰፈረው በላይ የምትጨመር እፍኝ ምርቃት ትባላለች፤ ስሟ ራሱ ከመመረቅ የመጣ ነው። ኑሮ ሲጠብ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት፤ ማንም ሲያወጣት አያያትም፣ ማንም አይከስስባትም፤ መብት አልነበረችምና። ቀጥሎ ነው ወደ ዳቦው የሚገባው።

መጠንን ቀንሶ ዋጋን ማቆየት የእኛ ሰፈር ፈጠራ አይደለም። በግብፅ እ.ኤ.አ. በጥር 1977 የሳዳት መንግሥት በዱቄትና በሌሎች ምግቦች ላይ የነበረውን ድጎማ ሊቀንስ መሆኑን ሲያስታውቅ በሁለት ቀን ውስጥ ከተሞቹ ነደዱ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ መንግሥትም ውሳኔውን ሰረዘ። ከዚያ በኋላ የዳቦውን ዋጋ መንካት እሳት መንካት ሆነ። በነሐሴ 2020 የአቅርቦት ሚኒስቴሩ የድጎማውን ዳቦ ክብደት ከ110 ግራም ወደ 90 ግራም አወረደ፤ ዋጋው 5 ቁርሽ እንደነበረ ቀረ። በግራም ስናሰላው ከመቶ 22 ያህል የዋጋ ጭማሪ ነው። እንደ 1977ቱ ያለ እሳት አልተነሣም። ዋጋው ራሱ ወደ 20 ቁርሽ የወጣው በሰኔ 2024 ነው። ይህ ምሳሌ እኛን ትንሽ ያስቸግረናል። የክብደቱ ቅነሳ በአደባባይ የታወጀ ነበር እንጂ በድብቅ የተደረገ አልነበረም። ታውጆም እንኳ የዋጋን ያህል አላስቆጣም። የብር ቁጥር ሲጮኽ የግራም ቁጥር የሚያንሾካሹክ ይመስላል።

የእኛም አገር ይህን ያውቀዋል። በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት መዘዝ የት እንደደረሰ መናገር አያስፈልግም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ከዳቦ እስከ ዘይት ባሉ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም አብዛኛውን አነሣው። ለዱቄት ፋብሪካዎች የድጎማ ስንዴ ይከፋፈል በነበረበት ዘመን የዳቦው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ግራሙም ይወሰን ነበር፤ የሕዝቡ ሮሮ ግን ከዋጋው ይልቅ በግራሙ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው ሸገር ዳቦ በቀን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ዳቦ እንዲያወጣ ታስቦ ሲሠራም ያው ጥያቄ ነበር ከጀርባው ያለው፤ ድሀ የሚገዛው ዳቦ እንዴት ይቆይ የሚል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ከነበረበት በጥቂት ቀናት ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ስንዴም፣ ነዳጅም፣ እርሾም ከዚህ አያመልጡም።

ከሁሉ የገረመን ግን የድሮ እንግሊዞች ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1266 ወጣ በሚባለው የዳቦና የጠላ ሕጋቸው መሠረት የዳቦው ዋጋ አይለወጥም ነበር፤ የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ስንዴ ሲወደድ የአንድ ፔኒ ዳቦ ያንሳል፣ ስንዴ ሲረክስ ያድጋል፤ ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበራቸው። ከተወሰነው አሳንሶ የተገኘ ጋጋሪ ይቀጣል፤ ደጋግሞ ያጠፋ አደባባይ ላይ አንገቱና እጁ በእንጨት ተጠርቅሞ ይቆማል። ሕጉ ለንደን ላይ እስከ 1822፣ በሌላው የእንግሊዝ አገር እስከ 1836 ቆየ። ሲታሰብ፣ ዛሬ እኛ ስርቆት የምንለው ነገር ለአምስት መቶ ዓመታት ከዚያም በላይ ሕግ ነበር! የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳቦው ሲያንስ ማንም ሰው ምን ያህል እንዳነሰ ማወቅና ማስመዘን ይችላል። ደግሞም ስንዴ ሲረክስ ተመልሶ ያድግ ነበር። የእኛ ዳቦ አድጎ የታየበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይንገረን።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ጋጋሪው ሄድን። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ በብድር ዳቦ የሚሰጠን እርሱ ነው። ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቻችን አብረውን አልመጡም።

«ጋሼ፣ ዳቦው እየቀነሰ ነው እኮ» አልነው።

«አውቃለሁ» አለ፣ ሳያፍር። «ዱቄቱ ጨመረ። መብራት ሲጠፋ በእንጨት ነው የምጋግረው። 12 ብር እንዳልል ሁለት ብር መልስ ከየት ላምጣ? ዝርዝር የለም። 15 ብል እናንተው ናችሁ የምትጮኹት። ዋጋ ስጨምር ትጮኻላችሁ፣ ዳቦ ሳሳንስ ትስቃላችሁ። እኔ ምን ላድርግ? የምትስቁበትን መረጥኩ።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። እውነቱን ነው፤ ዝምታውን ያስተማርነው እኛው ነን። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታችን ዳቦውን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል። ደግሞስ ለምን ነበር ዝም ያልነው? ስለ አንድ ዳቦ ማን ይጨቃጨቃል ብለን ነው። ስለ ዳቦ መነታረክ የረሀብተኛ ምልክት ነውና አፈርን። ሻጩ የሚኖረው በዚህ ኀፍረት ላይ ነው፤ ገበያ ሁሉ በዚህ ኀፍረት ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ማታ ዶርም ስንመለስ ሐሳባችን «እንግዲህ ይጨምር፤ 15 ብር በግልጽ ይበልና ዳቦው ወደ ልኩ ይመለስ» የሚል ነበር። ሐቀኛ መስሎ ታየን። ያን ጊዜ እስከዚያ ሰዓት አንድም ቃል ያልተናገረ ጓደኛችን ከአልጋው ቀና ብሎ፦

«እናንተ ሁለት ትገዛላችሁ፤ ለዚህ ነው» አለ። «እኔ ያለችኝ 10 ብር ናት። ዳቦው ቢያንስ የምበላው ይቀንሳል። 15 ቢሆን ግን በሩ ላይ ነው የምቀረው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህ ልጅ የካፌው እራት የማትበቃው፣ ቤተሰቡም ምንም የማይልክለት ነው። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበውን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማሳደጉን ሁላችንም ሰምተናል፤ ገበያውም አብሮ እንዳደገ እንዲሁ። እርሱ ያለውን ማንም ከመጽሐፍ ያገኘው አይደለም። የዳቦው መቀነስ እኛን ሁለት እንድንገዛ፣ እርሱን ግማሽ እንዲራብ ያደርገዋል፤ የዋጋው መጨመር ደግሞ እኛን እንድናጉረመርም፣ እርሱን እንዲጦም ያደርገዋል። ስለ እውነተኛነት ስንከራከር የረሳነው ሰው ይህ ነበር። ምናልባት ጋጋሪው ሳያስበው ለዚህ ልጅ ከእኛ የተሻለ ወዳጅ ሆኖ ይሆናል።

ሆኖም ሌሊቱን ስናወጣና ስናወርድ ያ ልጅ የጠየቀው ዝምታን አለመሆኑ ታየን። እርሱ የፈለገው የ10 ብሯ ነገር እንዳትጠፋበት ነው። የ10 ብር ዳቦ ትንሽ ሆኖ፣ ትንሽነቱ ተነግሮ፣ ተመዝኖ ሊሸጥ ይችላል። እንግሊዞቹ እንዲህ አድርገውት ነበር፤ የዋጂፎዋ እናትም አድርገውታል። ጨምሮ መሸጥና ቀንሶ መሸጥ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ተናግሮ መቀነስና ሳይናገሩ መቀነስ ግን ሌላ መስቀለኛ መንገድ ነው፤ እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ነበር የያዝነው። 10 ብር ብቻ ላለው ሰው ግራሙን ማወቅ ከእኛ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ሌላ ቤት አንድ ጉርሻ የሚበልጥ ዳቦ ካለ እዚያ ይሄዳላ። የእርሱ ሀብት መምረጡ ብቻ ነው።

በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተከለከለውን ያደረገ፣ የሌላውን መብት የነካ ሰው ጥፋቱ ተከትሎት በራሱ፣ በቤተሰቡ፣ በከብቱና በማሳው ላይ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። የእኛ ትውልድ ግማሹ ያምነዋል፣ ግማሹ አያምነውም፤ እርሱን ለየራሳችን እንተወው። ልብ የሚነካው መፍትሔው ነው። ጎሜ የሚወጣው ሰውዬው በሽማግሌ ፊት ያደረገውን በአፉ ሲናገርና ሲታረቅ ነው። ዱቡሻ ላይ ሰው የሚቀመጠው የተደበቀውን ነገር ሁሉ እየሰማው እንዲነገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ የተቆጣውን ወጣት እንዴት እንዳቆሙት አገር አይቷል። ለአንድ ዳቦ ሽማግሌ ይቀመጥ አንልም፤ ይሳቅብናል። ግን ትንሹን ነገር ፊት ለፊት መነጋገር ካቃተን ትልቁን በምን አፋችን እንነጋገራለን?

በማግስቱ ተመልሰን ወደ ጋጋሪው ሄድን። ያ ልጅም በዚህኛው መጣ። ዋጋ እንዲጨምር አልጠየቅነውም፤ ዳቦውን እንዲያሳድግም አልጠየቅነውም። ከክፍል ያመጣነውን ጠመኔ ሰጥተን፣ ከዋጋው ጎን ግድግዳው ላይ ግራሙን እንዲጽፍ ብቻ ለመንነው።

«ከጻፍኩ በኋላ ዱቄት ሲጨምርስ?» አለ።

«ያጠፉትና ያነሰውን ይጽፋሉ።»

«ዱቄት ሲቀንስስ?»

ሳቅን፤ በዚህኛው እርሱም ሳቀ። ጠመኔውን በጣቶቹ ሲያገላብጥ ቆየና የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው አሁንም 10 ብር የሚለው ብቻ ነው። ጠመኔውን ግን አልመለሰልንም፤ ዳቦ ሲያቀብለንም በኪሱ ውስጥ ነጭ ዱካው ይታየናል፤ የዱቄቱ ይሁን የጠመኔው ለመለየት ያስቸግራል።